እንኪዱ ባይሞት ጊልጋሜሽ ሰው ይሆን ነበር?

ሸማኔው · ሰኞ ማታ 3:20

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። «የጥንት ተረት ግጥም ሳታነብ ስለ ጀግና አታውራ» ብላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ነበር አይደል? ይኸው አነበብኩ። ጊልጋሜሽን። እንቅልፍ ስለነሳኝ እናንተንም ልነሳችሁ።

ላላነበበ ሰው በአጭሩ ልንገር። ጊልጋሜሽ የኡሩክ ንጉሥ ነው። ኡሩክ ዛሬ ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ዋርካ የሚባለው ፍርስራሽ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ላይ «ኦሬክ» የተባለችው ከተማ ማለት ነው። ሰውዬው ሁለት ሦስተኛው አምላክ፣ አንድ ሦስተኛው ሰው ነው። ሒሳቡን እንዴት እንዳወጡት እኔን አትጠይቁኝ። ጉልበቱ ልክ የለውም፣ ጥጋቡም እንደዚያው። ወንድ ልጅን ከአባቱ፣ ሴት ልጅን ከእናቷ ይነጥላል። ሙሽራ ስትዳር ከባሏ በፊት የሚገባው እሱ ነው። ሕዝቡ መረረውና ወደ አማልክት ጮኸ።

አማልክቱ መብረቅ አላወረዱበትም። እኩያ ፈጠሩለት። አሩሩ የምትባለው አምላክ እጇን ታጥባ ጭቃ ቆነጠረችና ሜዳ ላይ ጣለችው። እንኪዱ ሆነ። ገላው ሁሉ ፀጉር፣ ከሚዳቋ ጋር ሣር የሚግጥ፣ ከአውሬ ጋር እየተጋፋ ውሃ የሚጠጣ። ሻምሐት የምትባል ሴት ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አብራው አሳለፈች። ከዚያ በኋላ ሚዳቋዎቹ ሲያዩት ሸሹ። እረኞች ዳቦ አቀረቡለት። ምን እንደሆነ ስላላወቀ ዝም ብሎ አፈጠጠበት። የገብስ ጠላም ሰጡት። ሰባት ማሰሮ ጨለጠና መዝፈን ጀመረ። እዚህ ጋ ወደድኩት።

አንድ ቀን ወደ ሠርግ የሚሄድ መንገደኛ የንጉሡን ሥራ ነገረው። እንኪዱ ፊቱ አመድ መሰለ። ኡሩክ ሄደና ሙሽራዋ ያለችበት ቤት ደጃፍ ላይ እግሩን ገተረ። ንጉሡ ሲመጣ ተያያዙ። መቃኑ ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው ተናጋ። ሲበቃቸው ተሳሳሙና ጓደኛ ሆኑ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ይህን ጥጋበኛ ሰው ያደረገው ጓደኝነቱ ነው ወይስ የጓደኛው ሞት? እኔ ጓደኝነቱ ነው ባይ ነኝ። በዕድሜው ሙሉ «እዚህ ጋ አታልፍም» ያለው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ሰው ጓደኛው ሆነ።

ትርንጎ · ሰኞ ማታ 4:05

አንተ ልጅ ግማሹን ብቻ ነው የተረክልን። ከተሳሳሙ በኋላ ምን አደረጉ? ሙሽሮቹን ይቅርታ ጠየቁ? የለም። «ዝግባ ደን ሄደን ጠባቂውን ሁምባባን እንግደል» ተባባሉ። ምክንያቱ ምንድነው? ስም ለማስጠራት! ይኼ ነው እንግዲህ ለውጥ። አንድ የነበረው ጉልበተኛ ሁለት ሆነ።

የኡሩክ ሰው ያረፈው ንጉሡ ጥሩ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። ከተማ ውስጥ ስለሌለ ነው።

እንኪዱንም መልአክ አታድርገው። ሁምባባ ተሸንፎ ነፍሱን ሲለምን «ቶሎ ጨርሰው» እያለ የሚጎተጉተው እንኪዱ ነው። ቀደም ባለው የሱመርኛ ግጥም ውስጥማ ጊልጋሜሽ አዝኖለት ሊለቀው ሲል አንገቱን የሚቆርጠው ራሱ እንኪዱ ነው። ክፉ ምክር ከጓደኛም ይመጣል።

ባቲ77 · ሰኞ ማታ 4:11

«ንጉሡ የሉም፣ ፊልድ ወጥተዋል» ሃሃሃ። የኡሩክ ሕዝብ በዚያን ሳምንት እንዴት እንደተኛ ይታየኛል።

ሸማኔው · ሰኞ ማታ 4:40

ትርንጎ፣ ደኑን አንስተሻልና አንድ ነገር ልጨምር። የሱለይማኒያ ሙዚየም፣ ኢራቅ ኩርድስታን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከነጋዴ እጅ አንድ የሸክላ ጽሑፍ ገዛ። በ2014 ሲታተም ለካ የአምስተኛው ጽላት፣ ማለትም ግጥሙ ከተጻፈባቸው ሸክላዎች የአምስተኛው፣ የጎደለ ክፍል ነው። ደኑ ውስጥ ጦጣ ይጮኻል፣ ወፍ ይመላለሳል፣ ለሁምባባ የንጉሥ አዝማሪ ቆሞለት የሚዘፍን ይመስላል። እንኪዱም ዱር ሳለ ሁምባባን ያውቀው ነበር። ማለትም የገደሉት የድሮ የሚያውቀውን ነው።

ዛፉን ከጣሉ በኋላ እንኪዱ ለጓደኛው የሚለው ነገር አለ። በእኔ አባባል፣ «ወዳጄ፣ ደኑን ምድረ በዳ አደረግነው። ኒፑር ስንገባ ለኤንሊል ምን ብለን ልንመልስ ነው?» ኤንሊል አምላክ ነው፣ ኒፑር ቤቱ ያለበት ከተማ።

እንደኔ ከሆነ በግጥሙ ውስጥ «ምን አደረግን?» ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው እንኪዱ ነው። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ጸጸቱም የሱ ነው። ጊልጋሜሽ ገና አልደረሰበትም። ታዲያ ጓደኛህ ቀድሞህ ሲጸጸት ማየት ትምህርት አይደለም?

በነገራችን ላይ ወደ ደኑ ሲሄዱ እየተፈራረቁ ሲፈሩ «ሦስት ጊዜ የተገመደ ገመድ አይበጠስም» ዓይነት ነገር ይባባላሉ። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ያው ነው። እኛ ደግሞ ድር ቢያብር እንላለን።

ብራናው · ማክሰኞ ጠዋት 2:15

ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ጊልጋሜሽ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ተጠቅሷል የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። እውነት ከሆነ የኛ መጽሐፍ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጦ አላየነውም ማለት ነው።

ጋሽ ቀለሙ · ማክሰኞ ጠዋት 3:02

ልጄ ብራናው፣ ግማሹ እውነት ነው። ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የተገኘ «የረጃጅሞቹ መጽሐፍ» የሚባል የአራማይክ ጽሑፍ አለ። ከሄኖክ ጋር የሚቆራኝ ነው። እዚያ ላይ ጊልጋሜሽ ከረጃጅሞቹ እንደ አንዱ ሆኖ በስሙ ተጠርቷል። ሁምባባም በተጣመመ ስም አለ። እኛ በግእዝ የጠበቅነው ሄኖክ ውስጥ ግን ያ ክፍል የለም። እኔም በወጣትነቴ ብራና ለብራና ፈልጌው ደክሜያለሁ።

የአልቃሿ ልጅ · ማክሰኞ ቀን 6:30

ስለ ሞቱ ማንም ዝርዝር አልጻፈም፣ ልጻፍ። አያቴ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ስምንተኛውን ጽላት ሳነብ የሷን ድምፅ ነው የሰማሁት።

መጀመሪያ አሟሟቱን ላስታውሳችሁ። ከደኑ ሲመለሱ ኢሽታር የምትባለው አምላክ ጊልጋሜሽን አግባኝ አለችው። እምቢ ብቻ ቢል ጥሩ። የቀድሞ ወዳጆቿን አንድ በአንድ እየጠራ ሰደባት። እሷ የሰማይን በሬ ላከች፣ ሁለቱ ገደሉት፣ እንኪዱ የበሬውን ታፋ በጥሶ ወረወረባት። ጥጋብ እዚህ ደረሰ። አማልክቱ ተሰበሰቡና «ከሁለቱ አንዱ ይሙት» አሉ። ዕጣው ለእንኪዱ ወጣ።

በጦር ቢሆን ጥሩ ነበር። አልጋ ላይ ነው። 12 ቀን ታመመ። ያንን ግዙፍ በር፣ ከደኑ ዝግባ ለኤንሊል ቤት የሠራውን፣ እንደ ሰው ፊት ለፊቱ አቁሞ ረገመው። ሻምሐትን ወደሱ ያመጣውን አዳኝ ረገመ። ሻምሐትን ረገመ። የፀሐይ አምላክ ሻማሽ «ዳቦ ያበላችህን፣ ጠላ ያጠጣችህን፣ ይህንን ጓደኛ የሰጠችህን ትረግማለህ?» ሲለው እርግማኑን ወደ ምርቃት መለሰው። ይህን እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ ጊልጋሜሽ ሙሾ አወረደ። ሌላ ስም የለውም፣ ሙሾ ነው። አብረው የሄዱበትን መንገድ «አልቅስለት» ይለዋል። ወንዙን፣ ተራራውን፣ ድቡን፣ ጅቡን፣ ነብሩን ያስለቅሳል። ያረሰውን ገበሬ፣ ጠላ የጠመቀችለትን ሳይቀር ይጠራል። እንኪዱን ደግሞ የጎኔ መጥረቢያ፣ የወገቤ ጩቤ፣ የፊቴ ጋሻ፣ የበዓል ልብሴ ይለዋል። አያቴም ሟችን በመሣሪያው ነበር የምታነሳው። ጠመንጃውን፣ በቅሎውን፣ ካባውን።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ልቡን ይዳስሳል፣ አይመታም። ከዚያ የጓደኛውን ፊት እንደ ሙሽራ ይሸፍነዋል። እንደ ሙሽራ! ያ የሰው ሙሽራ ሲቀማ የነበረ ሰው። ግጥሙ አላብራራውም፣ ብሎት አለፈ። እኔ ግን መጽሐፉን አስቀምጬ ቡና አፈላሁ።

ከዚያ ግልገሎቿ እንደተወሰዱባት አንበሳ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ፀጉሩን ይነጫል። ሬሳውን ለመቀበር አይሰጥም። ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት። ከአፍንጫው ትል እስኪወድቅ ድረስ።

ትርንጎ · ማክሰኞ ቀን 8:10

የአልቃሿ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ሙሽራዋን አላየኋትም ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ትሏ ከወደቀች በኋላ ምን ይላል? «እኔስ እንደሱ አልጋደምም?» ይላል። የአንበሳ ቆዳ ለብሶ በረሃ የሚወጣው ጓደኛውን ፍለጋ አይደለም። ሞት የማይነካውን ኡትናፒሽቲምን ፍለጋ ነው። የጥፋት ውሃን ያለፈውን ሰውዬ። ማለት በጓደኛው ልቅሶ የራሱን አለቀሰ። ይኼ እንዴት የሞራል እድገት ይባላል? ፍርሃት ነው እንጂ።

ኡሩክንም ጥሎ ነው የሄደው። ንጉሥ ነው እኮ! ሕዝቡን ማን ያስተዳድር? ድሮ በጉልበቱ አስመረራቸው፣ አሁን በመጥፋቱ።

ባቲ77 · ማክሰኞ ማታ 1:45

ዛሬ አልቀልድም።

ሰውዬው በረሃውን አቋርጦ መጠጥ ቤት ይደርሳል። ባለቤቲቱ ሲዱሪ መልኩን አይታ በሩን ዘጋችበት። ጉንጩ ገብቷል፣ ፊቱ ተቃጥሏል። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው ታሪኩን ይነግራታል። የምወደው ወዳጄ፣ መከራውን ሁሉ አብሮኝ ያየው፣ ሞተ፣ ትል እስኪወድቅ አልቀበርኩትም ብሎ። ቀጥሎ ጀልባ ነጂው ኡርሻናቢ ይጠይቀዋል። ያንኑ ቃል በቃል። ቀጥሎ ኡትናፒሽቲም ይጠይቀዋል። አሁንም ያንኑ ቃል በቃል።

ስለዚህ ግጥም ሰዎች ሲያወሩ «ድግግሞሽ ይበዛዋል፣ ይሰለቻል» ይላሉ። እኔ ጓደኛዬ በሞተ ሰሞን ለማን እንዳልነገርኩ አላውቅም። ለታክሲ ረዳት ነግሬያለሁ። ለማላውቃት የባንክ ሠራተኛ ነግሬያለሁ፣ ፊርማዬ አልመሳሰል ብሎ ስታየኝ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር። «ማታ ደውሎልኝ ነበር» ብዬ ነው የምጀምረው። ሁልጊዜ።

ትርንጎ፣ ለራሱም ያልቅስ። መለያየት ይቻላል እንዴ?

ትርንጎ · ማክሰኞ ማታ 2:00

ባትዬ፣ አፈር ስሆን። ነፍሱን ይማረው። ክርክሬን ለጊዜው አንስቻለሁ።

ሚጡ · ማክሰኞ ማታ 3:30

ለመድረኩ አዲስ ነኝ፣ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ግሪኮቹን ብጨምር ትቆጡኛላችሁ?

ኢሊያድ ላይ አኪሊስ በንጉሡ ተቀይሞ ከጦርነት ይወጣል። ወገኖቹ ሲያልቁ እያየ። ጓደኛው ፓትሮክሎስ እያለቀሰ መጥቶ «አንተ ካልወጣህ የጦር ልብስህን ስጠኝ፣ ጠላት አንተ መስዬው ይሸሽ» ይለዋል። ሰጠው። ፓትሮክሎስ የአኪሊስን ልብስ ለብሶ ወጣ፣ ሄክቶር ገደለው።

ልዩነቱ ይመስለኛል እዚህ ጋ ነው። አኪሊስ የሚበቀለው ሰው አለው። ሄክቶርን ገደለ፣ ከሠረገላ አስሮ ጎተተ፣ 12 የትሮይ ወጣቶችን በጓደኛው እሳት ላይ አረደ። በቀሉ አላሳረፈውም። በየማለዳው ተነስቶ ሬሳውን እንደገና ይጎትታል። ሰው የሚሆነው መጨረሻ ላይ፣ በ24ኛው መጽሐፍ ነው። የሄክቶር አባት ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት ድንኳኑ ገብቶ ልጁን የገደሉትን እጆች ሲስም። ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለአባቱና ለጓደኛው። ከዚያ ሬሳውን አሳጥቦ መለሰ።

ጊልጋሜሽ ግን ማንን ይግደል? እንኪዱን የገደለው በሽታ ነው። የሚጎትተው ሬሳ የለውም። ስለዚህ ነው የሚሄደው መሰለኝ።

ጋሽ ቀለሙ · ረቡዕ ጠዋት 4:20

ልጄ ሚጡ፣ ማን ይቆጣሻል። ሌሊቱን ስለጻፍሽው ሳስብ አደርኩ። የሽማግሌ ወሬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

የጊልጋሜሽ ጽላቶች በብዛት የተገኙት ነነዌ፣ በንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ነው። ከቆፋሪዎቹ አንዱ የሞሱል ተወላጅ አሦራዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 የፈረንሳዮች ድርሻ ነው የተባለውን ጉብታ ሰው ሳያየው በሌሊት አስቆፍሮ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አገኘ። ስሙ ሆርሙዝድ ራሳም። ይህን ስም የት ሰማችሁት? መቅደላ ላይ! በ1864 የእንግሊዝ መንግሥት ወደ አፄ ቴዎድሮስ የላከው መልእክተኛ ያው ራሳም ነው። ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ጠበቀ፣ በ1866 ንጉሡ ፊት ቀረበ፣ መጀመሪያ ተከበረ፣ ኋላ በእግር ብረት መቅደላ ወጣ። በሚያዝያ 1868 ተፈታ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1872፣ ለንደን ላይ ጆርጅ ስሚዝ ከነዚያ ሸክላዎች አንዱን አንብቦ የጥፋት ውሃ ታሪክ እንዳለበት ለዓለም ነገረ። እንግዲህ ጊልጋሜሽን ከመሬት ካወጡት ሰዎች አንዱ የኛ ንጉሥ እስረኛ ነበር። ይኼ መንገድ ማሳበሪያ ነው፣ ወደ ነገሬ ልግባ።

ሚጡ ፓትሮክሎስ የጌታውን ልብስ ለብሶ ሞተ ስትል «ይኼማ ሊቀ መኳስ ነው» አልኩ። ለወጣቶቹ፦ ሊቀ መኳስ በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚሰለፍ ባለሟል ነው። ጠላት የቱ ንጉሥ እንደሆነ እንዳይለይ። ጥይቱ ለንጉሡ ታስቦ እሱን ቢመታው ሥራው ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ያው ዓመት ሌላው ወዳጃቸው ፕላውደን ተገድሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ እቴጌ ተዋበች ሞተዋል።

አፄ ቴዎድሮስ የሚበቀሉት ሰው ነበራቸው። ተበቀሉም፣ ብዙ ምርኮኛ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የነበረውን ታውቃላችሁ። ቁጣው ለበቀል ጀመረ፣ ለሕዝቡ ተረፈ። ለእኔ የሚጡ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚቆረቁረኝ። እሳቸውን የሚወዱ ሰዎች ሞተውላቸዋል፣ ፊታውራሪ ገብርዬ አሮጌ በተባለው ቦታ ላይ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ነው ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉት። ጓደኛ አላነሳቸውም። በእንኪዱና በጊልጋሜሽ መካከል የነበረው «እምቢ፣ እዚህ አታልፍም» የሚለው ጠፍቶ እንደሆነ እንጃ።

ባቲ77 · ረቡዕ ጠዋት 4:50

ጋሼ፣ እኛ ሁሉን ነገር ቴዎድሮስ ጋ ካላደረስን አይሆንልንም አይደል? ግን ሊቀ መኳሱን ይዤ ሄጃለሁ።

ጋሽ ቀለሙ · ረቡዕ ጠዋት 5:05

እውነትህን ነው። ራሳም ባይመጣ እኔም አላመጣቸውም ነበር።

ዘለንደን · ረቡዕ ቀን 9:40

ብሪቲሽ ሙዚየም የጥፋት ውሃው ጽላት ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ከመዳፌ ትንሽ የሚበልጥ የተሰባበረ ጭቃ ነው። ጽሑፉ የወፍ ኮቴ ይመስላል። የጋሼን ጽሑፍ ሳነብ የመቅደላ ንብረትም እዚያው ሕንፃ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ሌላ አስተያየት የለኝም።

ሚጡ · ረቡዕ ማታ 2:20

ሸማኔው፣ መጨረሻውን አልነገርከንም እኮ። እድገት ካለ እዚያ መታየት አለበት። እኔ ስለ ተክሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኡትናፒሽቲም ከባሕር በታች ሽማግሌን የሚያድስ ተክል እንዳለ ይነግረዋል። ጊልጋሜሽ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይጠልቃል፣ ያወጣዋል። ወዲያው አይበላውም! «ኡሩክ ወስጄ ለአንድ ሽማግሌ አበላለሁ፣ ከዚያ እኔ እበላለሁ» ይላል። ይኼ ደግነት ነው?

ትርንጎ · ረቡዕ ማታ 2:35

ሙከራ ነው። መርዝ ቢሆንስ ብሎ ሽማግሌው ላይ ሊሞክር ነው። የለመደው ነው፣ የሰው ነፍስ።

የአልቃሿ ልጅ · ረቡዕ ማታ 2:50

ትርንጎ አንቺ ደግሞ! የድሮው ጊልጋሜሽ ቢሆን እዚያው ባሕሩ ዳር ይውጠው ነበር። ቢያንስ «ሽማግሌ» የሚባል ፍጡር ከተማው ውስጥ እንዳለ አስቧል። ለኔ በቂ ነው።

ትርንጎ · ረቡዕ ማታ 3:05

እሺ፣ ግማሽ ነጥብ ሰጥቻለሁ። እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነገር ነው፣ ዳቦው።

ኡትናፒሽቲም «አለመሞት ትፈልጋለህ? በመጀመሪያ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አትተኛ» ይለዋል። ጊልጋሜሽ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ እንደ ጉም ይወርድበታል። ኡትናፒሽቲም ሚስቱን «ሰው ዋሾ ነው፣ አልተኛሁም ይልሻል። በየቀኑ ዳቦ ጋግረሽ ራስጌው አስቀምጪ» ይላታል። ሲቀሰቅሱት በእርግጥም «አሁን ገና ጋደም ከማለቴ ነካችሁኝ» አለ። ዳቦዎቹን አሳዩት። የመጀመሪያው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛው እንደ ቆዳ ሆኗል። ሦስተኛው ላቁጧል። አራተኛው ነጣ ነጣ ብሏል። አምስተኛው ሻግቶ ግራጫ ሆኗል። ስድስተኛው ትኩስነቱ አልለቀቀውም። ሰባተኛው ገና ፍም ላይ ነው።

ሁለት ሦስተኛው አምላክ የነበረ ሰው በሻገተ ዳቦ ተረታ። የሚከራከርበት ነገር የለም። እኔ ቤት ዳቦ ስጋግር አሁን ያ ነው የሚታየኝ።

ደግሞ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊቱን ቁጠሩ። እንኪዱ ከሻምሐት ጋር ሰው የሆነበት። ጊልጋሜሽ ሬሳ የጠበቀበት። የጥፋት ውሃ የዘነበበት። እንቅልፉ። ያው ልክ ነው፣ አራት ጊዜ።

ሸማኔው · ረቡዕ ማታ 4:30

ትርንጎ፣ ቆጠራው አምልጦኝ ነበር። መልሴን ልስጥ፣ ግን ከሰኞው ይለያል።

ተክሉን ይዞ ሲመለስ ቀዝቃዛ ኩሬ አይቶ ሊታጠብ ገባ። እባብ ሽታው ደርሶት ወጣና ተክሉን ይዞት ሄደ። ሲሄድ ቆዳውን ገልፍፎ ጣለ። ጊልጋሜሽ ተቀምጦ አለቀሰ። «ለማን ብዬ ነው እጄ የደከመው?» አለ። ያለው ለማን ነው? ለኡርሻናቢ። ለጀልባ ነጂው።

ሰኞ ዕለት ይህን ኡርሻናቢን እንደ ተራ ሾፌር ነው ያለፍኩት። ዛሬ ተመልሼ አነበብኩት። ኡትናፒሽቲም ጊልጋሜሽን አሻግረህ አመጣህብኝ ብሎ ከወደቡ አባርሮታል። ሥራ ፈት ነው። የሚሄድበት የለውም። ጊልጋሜሽም ምንም የሚሰጠው የለውም፣ ተክሉ እንኳ ጠፍቷል።

ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ኡሩክ ይደርሳሉ። እዚያ ጊልጋሜሽ «ኡርሻናቢ፣ ቅጥሩ ላይ ውጣ፣ ተመላለስበት፣ መሠረቱን እይ፣ ጡቡን መርምር» ይለዋል። የተተኮሰ ጡብ ነው ይለዋል። አንዱ እጅ ከተማ፣ አንዱ እጅ የቴምር አትክልት፣ አንዱ እጅ የሸክላ ጉድጓድ፣ ግማሽ እጅ የኢሽታር ቤት እያለ ይቆጥርለታል። ልብ በሉ፣ የኢሽታር ቤት! ያቺን የሰደባትን። ግጥሙ ሲጀምር ተራኪው ይህንኑ ቃል ለእኛ ለአንባቢዎቹ ብሎት ነበር። መጨረሻ ላይ ጊልጋሜሽ ራሱ ይለዋል። አሥራ አንደኛው ጽላት እዚያ ላይ ያበቃል። ጥሩ ንጉሥ ሆነ አይልም። ሙሽሮቹን ተወ አይልም። ትርንጎ፣ እዚህ ላይ ትክክል ነሽ፣ ይቅርታ የጠየቀበት መስመር የለም።

አንድ ነገር ግን አገኘሁ። ወደ ዝግባ ደን ከእንኪዱ ጋር ሲሄዱ ግጥሙ መንገዱን የሚቆጥርበት አባባል አለው። ይህን ያህል ሄደው ዳቦ ቆረሱ፣ ይህን ያህል ሄደው አደሩ እያለ። በየቀኑ ያንኑ ይደጋግመዋል። ሃያ የመንገድ ልክ ሲሄዱ ዳቦ፣ ሠላሳ ሲሞላ ማደሪያ።

ከኡርሻናቢ ጋር ሲመለስ ያ መስመር እንደገና ይመጣል። ቃሉ ሳይለወጥ። ሃያ ሄደው ዳቦ ቆረሱ፣ ሠላሳ ሄደው አደሩ።